ከመጀመሪያው ካርድ እስከ ሦስተኛው ቀጠሮ፦ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ለምታስታምሙ

አማኑኤል ማለት "እግዚአብሔር ከእኛ ጋር" ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ስሙ ስድብ ሆኖ ቆይቷል። ልጆች ሲጣሉ "አማኑኤል ግባ!" ይባባላሉ፤ አዋቂውም ያልተስማማውን ሰው "ከአማኑኤል ያመለጠ" ይለዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው ቤት ስሙ እንዲህ በመዋሉ፣ ብዙ ቤተሰብ በሩ የሚደርሰው ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው።

ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ግን ይበልጥ የሚያሳስበው ከበሩ ወዲያ ያለው ነው። ሀፍረት መድኃኒቱን ያስደብቃል፣ ቀጠሮ ያዘልላል፣ ለሐኪሙ ግማሹን እውነት ብቻ ያስነግራል። የመጀመሪያውን ቀን እንደምንም ጨክነው የመጡ ቤተሰቦች በሦስተኛው ቀጠሮ ይጠፋሉ፤ ከዓመት በኋላ ልጃቸው ከበፊቱ ብሶበት ይመለሳሉ። ይህን የምጽፈው እነዚያ ሦስት ቀጠሮዎች በየት በየት በኩል እንደሚሰበሩ ስለማውቅ ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በቡታጅራና አካባቢዋ ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ነበር። ስኪዞፍሬኒያ (የማይሰማ ድምፅ የሚያሰማ፣ ሰውንም የሚያስጠረጥር ከባድ ሕመም) እንዳለባቸው ከተለዩት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም። ከዚያ ወዲህ መንገዱ አጥሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባስጀመረው ኤም ኤች ጋፕ በተባለው ፕሮግራም የጤና ጣቢያ ነርሶችና የጤና መኮንኖች የተለመዱትን የአእምሮ ሕመሞች መርምረው መድኃኒት እንዲጀምሩ ሲሠለጥኑ ቆይተዋል፤ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የሳይካትሪ ክፍል አለ። ስለዚህ መጀመሪያ በቅርባችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ሞክሩ። እዚያ የሠለጠነ ሰው ባይኖር እንኳ የሪፈር ወረቀት ታገኛላችሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ያለዚህ ወረቀት ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪስ ትከፍላላችሁ። አንድ ጥቅም ደግሞ አለው፤ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ የተቀመጠን ሰው ጎረቤት ቢያየው ጉንፋን ይሁን ጨጓራ አያውቅም።

ቤት ውስጥ ስለሚደረገው ንግግር ልናገር። "አብደሃል፣ ሐኪም ቤት እንውሰድህ" ተብሎ በፈቃዱ የተነሣ ሰው የለም። በእኛ አገር የአእምሮ ሕመም ቅሬታው ከሰውነት ይጀምራል፦ "ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል"፣ "ልቤ ይመታል"፣ "ደረቴ ላይ ይከብደኛል"፣ "እንደ ጉንዳን ይወረኛል"። ሰውየው ራሱ ካማረረበት ነገር ጀምሩ። "ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የለህም፤ እሱን እንታይ" ሲባል ብዙዎች እሺ ይላሉ። ውሸትም አይደለም፤ እንቅልፍ ማጣት በብዙዎቹ ሕመሞች ከሚታዩት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ነው፣ ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ንግግሩን አሥር ዘመድ ተሰብስቦ አያድርገው። የሚያከብረው አንድ ሰው ይበቃል፤ አጎት፣ ታላቅ እህት፣ የንስሐ አባት ወይም የሰፈሩ ኢማም ሊሆን ይችላል። ጫት የሚቅም ከሆነ በምርቃና ሰዓት አትሞክሩት፤ ጠዋት ይሻላል።

"ዘመድ ልንጠይቅ ነው" ብሎ አታልሎ ማምጣት የተለመደ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሰዎች ያሴሩብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ቤተሰቡ በእርግጥ ሲያሴርበት ያያል፤ ከዚያ በኋላ ከእጃችሁ ኪኒን አይቀበልም። የማይሰማ ድምፅ ይሰማኛል ሲላችሁም "ማንም የለም፣ ዝም በል" አትበሉ፤ "አዎ እኔም ሰማሁ" ብላችሁም አትዋሹት። "እኔ አልሰማሁትም፤ አንተን ግን እንዳስጨነቀህ አያለሁ" የሚለው ቃል ሰላም ያወርዳል።

ለመጀመሪያው ቀን መታወቂያ፣ የጤና መድን ደብተርና የሪፈር ወረቀት ያዙ። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከበሽተኛው ጋር አንድ ቤት የሚያድር ሰው አብሮ መምጣቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚላከው መኪና ያለው ወይም ከተማውን የሚያውቅ ዘመድ ነው፤ ሲጠየቅ ግን "እኔ ከመጣሁ ሁለት ቀኔ ነው" ይላል። በግማሽ ገጽ ወረቀት ጽፋችሁ አምጡ፦ መቼ ጀመረ፣ በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ፣ በሌሊት ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ይበላል ወይ፣ ብቻውን ያወራል ወይ፣ ጫትና አልኮል ስንት ይወስዳል፣ ሐሺሽ አለ ወይ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለበት ወይ፣ ስለ ሞት ተናግሮ ያውቃል ወይ። ከዚህ በፊት የወሰደው ኪኒን ካለ ባዶውን እሽግ ሳይቀር አምጡ፤ "ነጭ፣ ክብ፣ ትንሽ" የሚለው መግለጫ ለማንም አይረዳም።

አንድ ጥያቄ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይዋሻል፦ "በዘር እንዲህ ያለ ሕመም አለ?" መልሱ ሁሌ "በጭራሽ!" ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ያላገቡ ሴቶች ልጆች አሉ፣ ወሬው ከወጣ ጋብቻ ይፈርሳል ተብሎ ይፈራል። ነገር ግን መልሱ መድኃኒቱን ይለውጣል። ቤተሰቡ ውስጥ አንዴ እጅግ ሲደሰት፣ ሲያወራና ገንዘብ ሲበትን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሲያዝንና ሲተኛ የኖረ ሰው ካለ፣ አሁን ድባቴ የሚመስለው ሕመም ባይፖላር ሊሆን ይችላል። ለባይፖላር የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ሰውየውን ከድባቴ አውጥቶ ወደ ከባድ መነሣሣት ሊገፋው ይችላል። የምትናገሩት ነገር በካርዱ ላይ ይቀራል፤ ለዕድር አይነበብም። አማት አጠገባችሁ ካለች ደግሞ "ለብቻዬ ላናግርዎት" ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። በቀናት ውስጥ ግራ የተጋባ፣ ያለበትን ቦታና ቀኑን የማያውቅ፣ ትኩሳት ያለው ሰው መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ የስኳር መውረድ፣ ከአልኮል በድንገት ማቆም ሁሉም እብደት ይመስላሉ፣ ይገድላሉም። ሌላዋ አራስ ናት። ከወለደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ ያጣች፣ በድንገት የተለወጠች፣ ስለ ልጇ እንግዳ ነገር የምትናገር ሴት በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። አራስን ብቻዋን አንተውም፣ አጠገቧም ብረት ይደረጋል፤ ምክንያቱን እናቶቻችን በመንፈስ ቢያስረዱትም ብቻዋን አለመተዋ በሕክምናም ትክክል ነው። እስክትታከም አብሯት የሚያድር ሰው ይኑር፣ ሕፃኑንም ሌላ ሰው ይያዝ።

ስለ ራስ ማጥፋት ደግሞ በግልጽ ጠይቁ። "መኖር አስጠልቶህ ያውቃል? ራስህን ለመጉዳት አስበሃል? እንዴት ብለህ?" ጥያቄው ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ያለበትን ሰው ግን ያስተነፍሰዋል። አዎ ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ፣ እስከዚያ ብቻውን አይሁን፣ በቤት ያለው የተባይ መድኃኒትና የተከማቸ ኪኒን ሁሉ ከቤት ይውጣ። በገጠር የተባይ መድኃኒት ከእህል ጋር በአንድ ጓዳ ይቀመጣልና ይህን ለነገ አትበሉት። ሀፍረት ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው። ፍትሐት ይከለክላል፣ ስማችን ይጠፋል በሚል ፍርሃት ቤተሰብ ለድንገተኛ ክፍል "በስህተት ጠጥቶ ነው" ይላል። ሆዱ ይታጠባል፣ በማግስቱ ቤቱ ይላካል፣ የአእምሮ ሐኪም ሳያየው ወደዚያው ጓዳ ይመለሳል። እባካችሁ እውነቱን ተናገሩ።

አሁን ወደ መጀመሪያው የመድኃኒት ሳምንት። ከሁሉ የሚበዛው ሕክምና የሚቋረጠው እዚህ ነው።

ለሥነ ልቡና መቃወስ፣ ማለትም ድምፅ ለሚያሰማና ሰውን ለሚያስጠረጥር ሕመም፣ በብዙ ቦታ የሚታዘዙት ሀሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ናቸው። ሀሎፔሪዶል በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ አንገት ሊጣመም፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላስና መንጋጋ ሊደርቅ ይችላል። ቤተሰቡ ይህን ሲያይ "መንፈሱ ተቆጣ" ብሎ መድኃኒቱን ይጥላል፤ ይህን ስል ማጋነኔ አይደለም፣ ደጋግሞ የሚታይ ነው። ነገሩ ስም ያለው፣ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ጤና ተቋም ወስዳችሁ መርፌ ሲወጋ በአብዛኛው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ትራይሄክሲፌኒዲል የሚባል ኪኒን ይጨመርለታል። ለመከላከል አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ከፋርማሲ ሳትወጡ "አንገቱ ቢጣመም ምን ላድርግ?" በሉ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃተው ግን ወዲያው ሩጡ። ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነትና ግራ መጋባት በአንድነት ከመጡም መድኃኒቱን ሳትጨምሩ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።

ከዚህ የቀለለ የሚመስለው ግን ብዙ ሰው የሚያስቆመው ሌላ ነገር አለ፤ እግር አልቀመጥ ማለት። ሰውየው ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ግቢውን ይዞራል፣ "ውስጤ አልረጋ አለ" ይላል። ቤተሰቡ ሕመሙ ባሰበት ብሎ ኪኒን ይጨምርለታል፤ በጨመሩ ቁጥር ይብስበታል። ይህ ከተከሰተ ለሐኪሙ "ከመድኃኒቱ በኋላ ነው የጀመረው" ብላችሁ ቀኑን ንገሩት።

ወጣት ወንዶች የማይናገሩት ደግሞ የወሲብ ችግር ነው። ሴቶች የወር አበባ ይቀርባቸዋል ወይም ሳይወልዱ ጡታቸው ወተት ያወጣል፤ ያፍራሉና ዝም ብለው ያቆማሉ። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ የሚመጡ ናቸው፣ መጠን በመቀነስ ወይም በሌላ በመቀየር ይስተካከላሉ። አስታማሚው ከክፍል ወጥቶ በሽተኛው ከሐኪሙ ጋር አምስት ደቂቃ ብቻውን ቢሆን ይህ ይነገራል። ኦላንዛፒን የሚወስድ ሰው ምግብ ይከፈትለታል፣ ይወፍራል፤ ክብደቱንና ስኳሩን ማስለካት ያስፈልጋል። ክሎርፕሮማዚን የወሰደ ከአልጋው ቀስ ብሎ ይነሣ፣ አለበለዚያ አዙሮ ይጥለዋል።

ለድባቴ የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። ሁለቱም ወዲያው አይሠሩም፤ ለውጡ የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የማቅለሽለሽ፣ የአፍ መድረቅ፣ የመረበሽ ስሜት ግን ከመጀመሪያው ቀን ይመጣል። በሌላ አነጋገር ጉዳቱ ቀድሞ ይመጣና ጥቅሙ ይዘገያል፤ ይህን ያልተነገረው ሰው በአሥረኛው ቀን "አልረዳኝም" ብሎ ያቆማል። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተዋጠ ልብን ያቆማል፤ ስለዚህ ኪኒኑ በአስታማሚው እጅ ይቀመጥ፣ በየቀኑ የዕለቱ ብቻ ይሰጠው። ለባይፖላር የሚሰጠው ቫልፕሮየት የታዘዘላት በመውለድ ዕድሜ ያለች ሴት ደግሞ፣ መድኃኒቱ ጽንስን በጣም የሚጎዳ ስለሆነ፣ ስለ እርግዝና ሐሳቧ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለባት።

"ሱስ ያስይዛል" የሚለው ወሬ በሰፊው ይሰማል። ከላይ ለሥነ ልቡና መቃወስና ለድባቴ ከጠቀስኳቸው መድኃኒቶች ውስጥ አንዱም ሱስ አያስይዝም። ሱስ ሊያስይዝ የሚችለው ለእንቅልፍና ለጭንቀት የሚሰጠው ዲያዜፓም ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ሌላው ሕክምና ግን ረዘም ይላል፦ ከድባቴ የዳነ ሰው ከተሻለው በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥነ ልቡና መቃወስ ያገገመ ደግሞ ቢያንስ 12 ወር ይቀጥላል። ኪኒን መደበቅ ለሚያበዛ ወይም በየቀኑ መዋጥ ለሚከብደው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚወጋ ፍሉፌናዚን የተባለ መርፌ አለ፤ በየቤቱ የሚነሣውን "ዋጥክ? አልዋጥክም?" የሚለውን ጭቅጭቅ ያስቀራል። መድኃኒቱ ከመንግሥት ፋርማሲ ሲጠፋ ብዙ ሰው ከግል ገዝቶ ለማዳረስ በግማሽ ይሰብረዋል። ከዚያ ይልቅ ተመልሳችሁ "ያለውንና የምንችለውን ይዘዙልን" በሉ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ከነማና ቀይ መስቀል ፋርማሲዎችን ጠይቁ።

ስለ ጠበል ሳይነሣ ይህ ጽሑፍ ሙሉ አይሆንም። ወደ እንጦጦ ማርያምም ሆነ በየአጥቢያው ወዳለው ጠበል የሚሄድ ቤተሰብ ተስፋ ፍለጋ ነው የሚሄደው፤ እምነቱን የሚያንቋሽሽ ሐኪም በሽተኛውን ያጣዋል። ችግሩ "መድኃኒት ይዘህ አትግባ" የሚለው ቃል ነው። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመምም ያው ምክንያት ይሠራል፤ የንስሐ አባታችሁን ከመሄዳችሁ በፊት በዚህ ቃል ጠይቋቸው። በተግባር ደግሞ፣ ከሱባኤው በፊት ወደ ክሊኒኩ ሄዳችሁ "ለ14 ቀን እንሄዳለን" በሉና ለጥቂት ቀን የሚተርፍ መድኃኒት ውሰዱ፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ማታ በአንድ ጊዜ እንዲወሰዱ ማድረግ ይቻላል፣ ስለዚህ ከጠዋቱ ጠበልና ከጾሙ ጋር አይጋጩም። የሚያንቀላፋ ሰው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብቻውን አይግባ። ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይጠጣ መዋል አይገባውም፤ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ወደ መርዝነት ይወጣል። በረመዳንም ሌሎቹ መድኃኒቶች ከኢፍጣር በኋላ እንዲወሰዱ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ቁርኣን እያስነበቡ መድኃኒቱን መቀጠል ይቻላል። በጸሎት ቤት "ነፃ ወጥተሃል" ተብሎ በዚያው ምሽት ኪኒን መጣል ግን ከሳምንታት በኋላ ሕመሙን መልሶ ያመጣል።

ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰርን በተመለከተ፣ ያሰሩትን ሰዎች ጨካኝ ማለት አልወድም። ያሰሩት መንገድ ላይ እንዳይጠፋ፣ ልጅ እንዳይመታ ብለው ነው። ለመፍታት መድኃኒቱ መጀመሪያ መግባት አለበት፤ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በተራ የሚያድሩ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፣ ቢላና መጥረቢያ ከቤት ይውጣ፣ ቤቱ ጸጥ ይበል፣ ሬዲዮ ይቀነስ። እንቅልፍ ሲመለስ መነሣሣቱም ይበርዳል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቆሰለ ካለ ለነርሷ አሳዩ፤ የቴታነስ ክትባትም ያስፈልገው ይሆናል።

ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶች ብዙውን ጊዜ ቦሌ የሚደርሱት ያለ ምንም የሕክምና ወረቀት ነው። በቦርሳዋ ውስጥ በአረብኛ የተጻፈ የኪኒን እሽግ ካለ አትጣሉት። የደረሰባትን ነገር በወንድሞቿ ፊት አትጠይቋት፤ ከአንዲት ሴት ባለሙያ ጋር ብቻዋን ትሁን። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሆስፒታሉ ነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበትና ልጃችሁን ወይም ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የምታውቁትን ሰው አታስተርጉሙ፤ አስተርጓሚው በስልክ ይሁን ብላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ። በችግር ሰዓት 988 በተባለው የአእምሮ ጤና የስልክ መስመር ላይ ደውላችሁ ቋንቋችሁን ንገሯቸው።

ለጎረቤትና ለአሠሪ የሕመሙን ስም መንገር አይጠበቅባችሁም። "ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው" ሙሉ መልስ ነው። የሕመም ፈቃድ ወረቀቱ ላይ የሆስፒታሉ ስም መኖሩ ካስጨነቃችሁ ክትትሉን ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

የቀጠሮ ወረቀቱንና የካርድ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ካርድ ክፍል ውስጥ የጠፋ ፋይል ለመፈለግ የሚባክነው ግማሽ ቀን ብዙ ሰው ያስመርራል። መድኃኒቱ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ተዘጋጁ። ቀጠሮው ካለፈም፣ ሳምንትም ይሁን ስድስት ወር፣ ቁጣ ይጠብቀናል ብላችሁ አትቅሩ፤ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። ነርሷ የምትጠይቃችሁ "ስንት ቀን ተቋረጠ?" ብላ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ንገሯት፤ መጠኑ ከየት እንደሚጀመር የሚወሰነው በእሱ ነው።